ዱላውን አስረክቡ!

ድሃን እረዳለሁ ብሎ ወደ ገጠር የሚወርድ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ዱላውን ቤቱ አስቀምጦ ይሂድ!

“ደግሞ ድሃን በዱላ የሚረዳ አለ እንዴ?” እንዳትሉኝ። የማወራው ስለ መምታት አይደለም። መምታትማ ቀላል ነው… የመታ ሰው ቢበዛ ይከሰሳል፣ ይታረቃል፣ ያልፍለታል። እኔ የማወራው ዱላውን በሁለት እጁ፣ በፈገግታ፣ በትሕትና ስላስረከበ ሰው ነው። የእሱ ጣጣ እኔን ስድስት ዓመት ሙሉ ውሃ አስቀድቶኛል! ቆይ፣ አትቸኩሉ… ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

እናላችሁ፣ ትምህርቴን ጨርሼ ሸዋ ሮቢት የተመለስኩት የዛሬ ሰባት ዓመት ገደማ ነው። ሥራ የለኝም። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሥራ የሌለው ሰው ግን ሥራ ፈት አይደለም፤ ጥላ ማሳደድ የሚባል ሙሉ ቀን የሚፈጅ ሥራ አለው። ጠዋት ከመናኸሪያው ግድግዳ ሥር ትቀመጣላችሁ። ፀሐይዋ ስትደርስባችሁ ወደ ልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ትሻገራላችሁ። እዚያም ስትደርስባችሁ ሽንኩርት ወደሚጫንበት መኪና ጎን… እንዲህ እንዲህ እያላችሁ ይመሻል። እናቴን “ደረጀ ምን እየሠራ ነው?” ብለው ሲጠይቋት “ከፀሐይ ጋር እየተጣላ ነው” ትል ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ሥራ ተገኘ! የድርጅቱን ስም አልነግራችሁም፤ ልንገራችሁ ብልም ከመርዘሙ የተነሳ ይሄ አምድ አይበቃውም። ብቻ “አሳታፊ” እና “አካታች” የሚሉ ቃላት መሃሉ ላይ ነበሩበት። የእኔ መደብ “የማኅበረሰብ አመቻች” ይባላል። የተመረጥኩበት ምክንያት ደግሞ አንድና አንድ ነው፤ የአካባቢው ሰው ነኝ፣ ባህሉን አውቃለሁ! ውሉ የሦስት ወር ነው። “በመጀመሪያው የመስክ ሥራ ካስመሰከርክ ቋሚ ትሆናለህ” ተባልኩ። ቋሚ! እናቴ ይህቺን ቃል ሰፈሩን በሙሉ አዳረሰቻት። ጎረቤት “እንኳን ደስ ያለሽ” ሲላት “ኧረ ገና ነው” እያለች፣ በጎን ግን ሚስት ትፈልግልኝ ጀምራለች።

ሥልጠናው የተሰጠን ደብረ ሲና ላይ ነው። ስለ ቆላ ገበሬ ኑሮ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ውሃ ጥሙ… ካፖርት ለብሰን፣ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ሸጉጠን፣ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ተማርን። አሠልጣኛችንም አለቃችንም ዶክተር ምትኩ ናቸው፤ የአዲስ አበባ ሰው። ባለ ብዙ ኪስ ሰደርያ ይለብሳሉ፤ ከኪሶቹ በአንዱም ውስጥ ምንም ነገር አይቼ አላውቅም። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ! የዋህ ናቸው፣ ሥራቸውን ከልባቸው ይወዳሉ። ገበሬን ማሳተፍ የሚባለውን ነገር ባሕር ተሻግረው፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ አንድም ገበሬ በሌለበት ከተማ ውስጥ ተምረውታል።

“ስሙኝ!” ይሉናል ከአፋቸው ጉም እየወጣ። “እስከ ዛሬ ተመራማሪው ይጠይቃል፣ ገበሬው ይመልሳል። ይሄ አብቅቷል! ከእንግዲህ የሚመራው የአካባቢው ሰው ነው። እኛ ዱላውን እናስረክባለን!”

ዱላው ምን መሰላችሁ… ገበሬው የሰፈሩን ካርታ መሬት ላይ የሚስልበት እንጨት ነው። ድሮ ዱላውን የሚይዘው ተመራማሪው ነበር አሉ፤ እሱ ይስላል፣ ገበሬው ያያል። አሁን ግን ተመራማሪው ይነሳል፣ ዝቅ ይላል፣ ዱላውን በሁለት እጁ ለሽማግሌው ይሰጣል። ከዚያ አፉን ይዘጋል።

“ዋናው አፍ መዝጋቱ ነው!” አሉ ዶክተር ምትኩ። “ቢስማሙ ዝም፣ ቢጣሉ ዝም፣ ያልጠበቃችሁት ነገር ቢመጣ ዝም! ራስ እየነቀነቁ መጻፍ ብቻ!”

ተለማመድነው። ዱላ ስላልነበረ በማርከር። እኔ ገበሬ ሆኜ እንድጫወት ተመደብኩና ማርከሩን ተቀበልኩ። ዶክተር ምትኩ አገጫቸውን እያሻሹ ሲያዩኝ ቆዩና “ደረጀ፣ ጥሩ ነው፤ ግን ገበሬ አልመሰልክም” አሉኝ። ወንድ አያቴ፣ ሴት አያቴ፣ አጎቶቼ በሙሉ የቀወት ገበሬዎች ናቸው! ቢሆንም ዝም አልኩ። ቋሚ መሆን እፈልጋለሁዋ!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። በእናቴ አገር፣ በዚያ የቀወት ቆላ፣ ወንድ ከዱላው አይለይም። ገበያ ቢሄድ፣ ለቅሶ ቢሄድ፣ ሠርግ ቢሄድ ዱላው ትከሻው ላይ ነው። ለሽማግሌ ዝቅ ብሎ በሁለት እጁ የሚያስረክበው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ሰው በድሎ ሊታረቅ ሲመጣ። “አጥፍቻለሁ፣ ፍረዱብኝ” ማለት ነው። ሽማግሌው ዱላውን ከተቀበለ ሽምግልናው ተጀምሯል። ዱላው ለባለቤቱ የሚመለሰውም ካሳው ተፈጽሞ ሲያልቅ ነው። ይሄን ስንት ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ!

“ታዲያ ደብረ ሲና ላይ ለምን አልተናገርክም?” ትሉኛላችሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ትዝም አላለኝ! እዚያ አዳራሽ ውስጥ የተወራለት ዱላ ማርከር ነው። የአያቴ ዱላ ደግሞ ዱላ ነው። ሁለቱ አንድ ጭንቅላት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳይተዋወቁ ቆላ ወረዱ።

የመስክ ሥራው ቀን ዶክተር ምትኩ መንገድ ዳር የሚሸጥ፣ የሚያብለጨልጭ የወይራ ዱላ ገዙና በነጯ መኪና ቁልቁለቱን ተያያዝነው። ካፖርት በአንደኛው ኩርባ፣ ሹራብ በሁለተኛው ኩርባ ወለቀ። ሸዋ ሮቢትን አልፈን፣ በማሽላውና በማሾው ማሳ መሃል አቋርጠን መንደሯ ስንደርስ ሹፌሩ ሸሚዙን እስከ እምብርቱ ከፍቶታል።

ሰዉ ተሰብስቦ ይጠብቀናል። አቀማመጡ ግን ግራ ገባኝ። ሠላሳ የሚሆን ሰው አንዱ የሌላው ጉልበት ላይ ተደራርቦ፣ በአንዲት ጠባብ ቦታ ታጭቋል፤ ሰፊው ሜዳ ባዶውን ነው። ጠጋ ስል ገባኝ… የተቀመጡት በታፔላ ጥላ ሥር ነው! ሜዳው ላይ አንዲት ዛፍ የለችም። ያለው የእኛው ድርጅት ስም የተጻፈበት ግዙፍ ታፔላና ከጎኑ እጀታው የዛገ የውሃ ፓምፕ ብቻ ነው። ፀሐይዋ ፈቀቅ ባለች ቁጥር ሠላሳው ሰው እኩል ተነስቶ ፈቀቅ ይላል። ዶክተር ምትኩ ይሄን አይተው “እንዴት ያለ የተቀናጀ ማኅበረሰብ ነው!” ብለው ጻፉ።

ከጥላው ውጭ፣ ጠራራው ላይ ለብቻቸው የተቀመጡ አንዲት ሴት ነበሩ። ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጣል አድርገው ፓምፑን ትክ ብለው ያያሉ። እትዬ አስካለ ይባላሉ፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ የመንደሩ ሰው ናቸው።

“እትዬ፣ ወደ ጥላው ግቡ እንጂ” አልኳቸው።

“የሱን ጥላ አልፈልግም” አሉኝ ወደ ታፔላው ሳይዞሩ።

የቀበሌው ሊቀመንበር እንግዶቹን አስተዋወቀ። ከዚያ ሼህ እንድሪስ ተነሱ። እስላሙም ክርስቲያኑም ሲጣላ የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው፤ ስንት ደም አድርቀዋል ይባላል። መረቁን፤ “የመጣችሁበትን አላህ ያሳካው! ዝናቡን በጊዜው፣ ልጁን በዕድሜው ያድርግልን!” “አሚን!” አለ ሰዉ። “አሚን!” አሉ ዶክተር ምትኩም ከሁሉ ጮክ ብለው።

ከዚያ ተነሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወደ ሼሁ ተራመዱ። ዝቅ አሉ… ሥልጠናው ላይ ካሳዩን እንኳ የባሰ ዝቅ አሉ። የወይራውን ዱላ በሁለት እጃቸው ዘረጉ።

“አባቴ፣ ይህንን ዱላ እንኩ” አሉ። “እኛ ከእንግዲህ ዝም ነው። እናንተ እንዳላችሁ።”

ፀሐይዋ ፈቀቅ ብላ ነበር፤ ፈቀቅ ያለ ሰው ግን የለም። ከኋላ አንዱ “ሱብሃን አላህ!” ሲል ተሰማ። ያኔ ነው ጭንቅላቴ ውስጥ ሁለቱ ዱላዎች የተዋወቁት! አፌን ከፈትኩ። ዶክተር ምትኩ በዓይናቸው ገሠጹኝና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ዘጋሁት።

ሼህ እንድሪስ ዱላውን ተቀበሉ። አገላብጠው አዩት፣ ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

“አልሐምዱሊላህ!” አሉ። “ሦስት ዓመት ሙሉ ‘ሰዎቹ የሰው ልጆች ናቸው፣ አንድ ቀን ይመጣሉ’ ስላችሁ ነበር። ወላሂ መጡ!” ከዚያ እስካሁን “እርስዎ” ሲሏቸው ወደነበሩት ዶክተር ዞሩና “ና ልጄ፣ አንተ በዚህ በኩል ተቀመጥ” አሏቸው። በዚህ በኩል ማለት በዳይ በሚቀመጥበት በኩል ነው፤ ጠራራው ላይ።

ዶክተር ምትኩ በደስታ ተቀመጡ። “አየህ ደረጀ?” አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው። “መድረኩን ወሰዱት እኮ! የሥልጠና መጽሐፋችን ግማሽ ቀን ይፈጃል ነው የሚለው!”

“አስካለ፣ ነይ እስቲ ልጄ” አሉ ሼሁ። “ነይና ተናገሪ።”

“ሴት!” አሉ ዶክተሩ ሹክ ብለው። “መጀመሪያ ዕድል የተሰጣት ሴት ናት!” ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

እትዬ አስካለ ዱላውን ከሼሁ ጉልበት ላይ አነሱና መሬቱን ይጭሩ ጀመር። “ይሄ ቤቴ ነው። ይሄ አጥሬ ነው። ይሄ መኪናቸው የገባበት ነው…”

“ካርታ! ካርታ እየሳሉ ነው!” ዶክተር ምትኩ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም። እኔ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፤ በሙቀቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

“እዚህ ጋ…” አሉ እትዬ አስካለ፣ የዱላውን ጫፍ አንድ ቦታ ላይ ተክለው፣ “እዚህ ጋ ማንጎዬ ነበር።”

ዱላውን ከዚያ ቦታ ሳያነሱ ቀጠሉ። “ማሽን እናስገባለን፣ ጉድጓድ እንቆፍራለን፣ ውሃ እናወጣላችኋለን አሉ። ደግ ነው። ውሃ ማን ይጠላል? ግን እኔን ማን ጠየቀኝ? ሸዋ ሮቢት ገበያ ውዬ ስመለስ ማንጎዬ ከነፍሬው መሬት ላይ ተጋድሟል። ፍሬው ገና ጥሬ ነበር። ልጆቼን ያሳደግሁት በሱ ነው። ባሌ ሲሞት ለቅሶ የተቀመጥነው በሱ ጥላ ነው። አሁን ታፔላ ሥር የሚጋፋው ይሄ ሁሉ ሕዝብ የሚሰበሰበው በሱ ጥላ ነበር። ‘ማን አስቆረጠው?’ ብል ‘ማኅበረሰቡ ተስማምቷል’ አሉኝ። ማኅበረሰቡ ማነው? እኔ ያን ቀን ሽንኩርት ስሸጥ ነው የዋልኩት!”

“ውሃውስ ወጣ?” አሉ ሼሁ፤ መልሱን እያወቁ።

“አቧራ ወጣ።”

ሊቀመንበሩ ታፔላውን አዲስ እንደተተከለ ሁሉ በጀርባው በኩል እየዞረ ይመረምረው ጀመር። ዶክተር ምትኩ መጻፍ አቁመዋል። እስክሪብቷቸውን ከኪሶቻቸው በአንዱ ከተቱት። እኔም አፈርኩ። በጣም ነው ያፈርኩት! የአካባቢው ሰው ተብዬ ተቀጥሬ፣ ከመንደሩ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ እየኖርኩ፣ ይሄን ታሪክ የሰማሁት ገና ያን ቀን ነው።

“ልጄ” አሉ ሼህ እንድሪስ ወደ ዶክተሩ ዞረው፣ “የቆረጣችሁት እናንተ ናችሁ?”

ዶክተር ምትኩ ቀና ብለው ታፔላውን አነበቡት። ከላይ እስከ ታች አነበቡት። “እኔ ያኔ ድርጅቱ ውስጥ አልነበርኩም” አሉ። “ግን… አዎ። እኛ ነን።”

“እሰይ! በዳዩ አመነ፣ በዳዩ አልካደም!” አለ ሰዉ።

ይሄኔ ነው ወደ ጆሮዬ የተጠጉት። “ደረጀ፣ ‘በዳይ፣ በዳይ’ የሚሉት ማንን ነው?”

“እርስዎን ነው።”

“ለምን?”

“ዱላውን አስረከቡዋ!”

“ዱላው እኮ የካርታ ነው!”

“እዚህ አገር የጥፋት ነው።”

“ባህሉን ታውቃለህ ተብለህ አይደል እንዴ የተቀጠርከው?”

“ነው።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልክ?”

“አመቻች ዝም ነው አላሉኝም?”

ዶክተር ምትኩ አመድ መሰሉ። ተነስተው “አባቴ፣ ትንሽ አለመግባባት ተፈጥሯል፤ ዱላው እንዲያው ለምሳሌ ያህል…” እያሉ እጃቸውን ወደ ዱላው ሲሰዱ ሰዉ በሙሉ “ኧረ! ኧረ!” ብሎ ተነሳ። ያስረከበውን ዱላ መልሶ የሚነጥቅ ሰው እርቅ አልፈልግም ያለ ሰው ነው። ዘልዬ እጃቸውን ያዝኳቸው።

“ዶክተር፣ ይሄን ካደረጉ ከዚህ እስከ አጣዬ ውሃ የሚያጠጣዎት ሰው አያገኙም!”

ተቀመጡ። ትንሽ አሰቡና ባለሙያ አይደሉ፣ መላ አመጡ። “ለወይዘሮ አስካለ የአቅም ግንባታ ሥልጠና ልንሰጣቸው እንችላለን” አሉ።

እትዬ አስካለ ቀና ብለው አዩአቸው። “ሥልጠናው ጥላ አለው?”

ሼሁ “ታዲያ ምን ይደረግልሽ?” ብለው ጠየቋቸው። እስቲ ልብ በሉልኝ፣ በዚያች መንደር ስንት ስብሰባ ተደርጎ ይሄ ጥያቄ ለእሳቸው ሲቀርብ የመጀመሪያው ነው።

“ማንጎዬን በቦታው ይትከሉልኝ” አሉ። “ግን ተክለው እንዳይሄዱ! መትከልማ ያውቁበታል፤ ይሄው ታፔላውን ተክለውት የለ! ፍሬ እስኪይዝ ድረስ ውሃ ያጠጡልኝ።”

“በቃ፣ ፍርዱ ይሄው ነው” አሉ ሼህ እንድሪስ። “ውሃው ከወንዝ ይቀዳል። ፓምፑማ…” ሁላችንም ወደ ፓምፑ ዞር ብለን ተመለስን። “ልጄ፣ ዋስ ጥራ!”

ዶክተር ምትኩ ዙሪያቸውን ቃኙ። ሹፌሩን ሲያዩት መኪናው ሥር ገብቶ የማይታየውን ብሎን ያጠብቃል። ሊቀመንበሩን ሲያዩት ወረዳ ስብሰባ እንዳለበት ድንገት ትዝ አለው። ከዚያ ዓይናቸው እኔ ላይ መጥቶ ዐረፈ። እንዲያ ያለ ለስላሳ ድምፅ ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም።

“ደረጀ… አንተ የአካባቢው ሰው ነህ።”

ምን ልበል? ሠላሳ ሰው ያየኛል። እትዬ አስካለ ያዩኛል። ቋሚ መደቤም ከሩቅ ሆና ታየኛለች። “ዋስ ነኝ” አልኩ። “አሚን!” አለ ሰዉ።

ዶክተር ምትኩን እንዳትቀየሟቸው። ችግኙን ይዘው መጥተው፣ ሰደርያቸውን አውልቀው በገዛ እጃቸው ተከሉት። ከዚያም በኋላ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው በጀሪካን አጠጥተውታል፤ ሦስተኛውን ያለ ፎቶ አንሺ። ሪፖርታቸውም ልብ የሚነካ ነበር አሉ፤ “ዱላው ሙሉ በሙሉ ተላልፏል፤ ማኅበረሰቡ ሂደቱን ከተጠበቀው በላይ በባለቤትነት ይዞታል” ይላል። ሐሰት የለበትም። ሪፖርቱ ተጨበጨበለት፣ እሳቸው አደጉ፣ ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ። ብዙም ሳይቆይ ለእኔ ደብዳቤ መጣ፤ “ፕሮጀክቱ ስለተጠናቀቀ ቀሪው ሥራ ለአካባቢው ማኅበረሰብ ተላልፏል።” ማኅበረሰቡ ማነው? ብዬ እንደ እትዬ አስካለ ጠየቅሁ። ፖስታውን ገልብጬ ሳየው የተጻፈው የእኔ ስም ነው።

ቋሚ ሥራ ፈልጌ አልነበር? ይሄው አገኘሁ!

በየሁለት ቀኑ የእትዬ አስካለን አህያ እየነዳሁ ወንዝ እወርዳለሁ፣ ሁለት ጀሪካን እቀዳለሁ፣ እመጣለሁ፣ አጠጣለሁ። ከተማ ውስጥ ማስታወቂያ እየጻፍኩ ሆዴን እሸፍናለሁ፤ ሥራው ሲገጣጠምብኝ ግን የሚቀረው ማስታወቂያው ነው እንጂ ማንጎው አይደለም። “ጥለኸው አትሄድም ነበር?” የምትሉኝ ዋስ ሆናችሁ ስለማታውቁ ነው። እናቴ ያጨችልኝ ልጅ ቤት ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ አባቷ ስለ ደሞዜ አልጠየቁም፣ ስለ ዘሬ አልጠየቁም። “ማንጎው እንዴት ነው?” ነው ያሉት። “ጉልበቴ ጋ ደርሷል” ብዬ ላክሁ። “ወገቡ ጋ ሲደርስ ይምጣ” አሉ። ሁለት ክረምት ጠበቅን!

አንዴ ደግሞ ፍየል ጫፉን ቀረጠፈችው። እትዬ አስካለ መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ እኔም አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። በማግስቱ ከመንደሩ ሰው ጋር ሆነን ታፔላውን ነቀልነውና ለሁለት ከፍለን አጥር አደረግነው። “አሳታፊ” በምሥራቅ በኩል፣ “አካታች” በምዕራብ በኩል ቆመው ፍየል ሲከላከሉ ከረሙ። እነዚያ ቃላት ሥራ ሲሠሩ ያየሁት ያኔ ነው።

እናላችሁ በስድስተኛው ዓመት፣ ይሄው በዚህ ሰሞን፣ ማንጎው አፈራ። ሰባት ፍሬ! መንደሩ በሙሉ ተሰበሰበ። ሼህ እንድሪስ የወይራውን ዱላ ከቤታቸው አስመጥተው በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ።

“እንካ ልጄ፣ ዱላህን። ጥፋትህ አለቀ።”

“ኧረ የኔ አይደለም፣ አባባ። የዶክተሩ ነው።”

“እሱ የት አለ?”

“እንጃ።”

“እንግዲያው ያንተ ነው።”

ተቀበልኩ። እትዬ አስካለ የመጀመሪያውን ፍሬ ጠርገው ሰጡኝና ከጎናቸው፣ ከቀጭኗ ግንድ ሥር አስቀመጡኝ። ጥላው ትንሽ ነው፣ ግን የዛፍ ጥላ ነው። ማንጎውን ስገምጠው ዕንባዬ መጣ፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም። እትዬም አይተውኝ እንዳላዩ ሆኑ።

ፍሬዬን ሳልጨርስ አቧራ ተነሳ። ነጭ መኪና! ሌላ ድርጅት ነው፣ ስሙ ከድሮው ይረዝማል፤ “በአካባቢው ሰው የሚመራ” የሚል ጨምሮበታል። ከመኪናው አንዲት ትሑት ወጣት ዶክተር ወረደች። ባለ ብዙ ኪስ ሰደርያ ለብሳለች። በእጇ ደግሞ… ወይ ጉዴ! የሚያብለጨልጭ የወይራ ዱላ!

ብድግ አልኩ። እትዬ አስካለ የሸሚዜን ጫፍ ያዙኝ።

“የት ነው?”

“ላስጠነቅቃት ነዋ! ዱላውን መኪናው ውስጥ እንድትተወው…”

“ቁጭ በል! ማንጎው ተካሰ እንጂ የውሃው ነገር መቼ ተፈረደ?”

“እትዬ፣ እሷ እኮ ሌላ ድርጅት ናት!”

“መኪናዋ ያው ነው።”

ቁጭ አልኩ። አዎ፣ ዝም አልኩ! ዝም ማለትን ማን አስተማረኝ? ልጅቷ ባርኔጣዋን አወለቀች፣ ዝቅ አለች፣ ዱላውን በሁለት እጇ ዘረጋች። ሼህ እንድሪስ ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። “አልሐምዱሊላህ!” አሉ።

የውሃው ክስ ተሰማ፣ ፍርዱ ተሰጠ፣ “ልጄ፣ ዋስ ጥሪ” ተባለች። ሹፌሯ መኪናው ሥር ገባ። ልጅቷ ዓይኗን በሕዝቡ ላይ ታዞር ጀመር… እኔ ያኔ ማንጎው ጀርባ ነበርኩ። ስድስት ዓመት ያጠጣሁት ዛፍ ለሁለት ሰው የሚበቃ ጥላ አለው። ሰው ለመደበቅ ግን ግንዱ ገና ነው!